ከሲቪ ጆይንት ውስጥ ሁለት ብይ ቢጎድል የጎደሉትን ብቻ መተካት ይበቃል ወይ?

ጥያቄዎን ሌሎችም እንዲከታተሉት ባጭሩ ልድገመው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተሠራ ቮልስዋገን ቢትል 1303 አለዎት፤ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ከቀኝ የኋላ ጎማ በኩል የሚሰማውን መንኳኳት ለማጣራት የጎማ ማዞሪያውን ዘንግ አውርደው በጎማው በኩል ያለውን ሲቪ ጆይንት፣ ማለትም ዘንጉ ታጥፎም ቢሆን ዙሩን በእኩል ፍጥነት የሚያስተላልፈውን መጋጠሚያ ሲፈቱ፣ ስድስት ብይ ሊይዝ ከሚገባው ማቀፊያ ውስጥ አራት ብቻ አገኙ። ሁለቱ መስኮቶች ባዶ ናቸው። የቀሩት አራቱ እያበሩ ስለሆነ፣ መጠናቸው የሚመሳሰል ሁለት የኩሽኔታ ብዮች ገዝቶ ባዶውን ቦታ መሙላት ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል።

አይበቃም። ብይ መተካት የሚቻልበት ሁኔታ አለ፤ ነገር ግን ሲተካ ስድስቱም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ምርት (በፋብሪካ አብሮ ከተሠራ ስብስብ) የወጡ ሆነው መተካት አለባቸው፤ ያውም ቦዮቹና ማቀፊያው ጤነኛ መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን እርስዎ ያልጠየቁት፣ እኔ ግን ሳልጠይቅ የማላልፈው አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱ ብዮች የት ሄዱ?

ጥያቄውን የማነሣው ብይ ከዚህ መጋጠሚያ በራሱ ጊዜ ወድቆ ሊጠፋ ስለማይችል ነው። እያንዳንዱ ብይ በሦስት ነገር ተይዟል፤ ከውስጥ የዘንጉን ጥርስ በሚይዘው ውስጠኛ ቀለበት ቦይ፣ ከውጭ በውጨኛው ቀለበት ቦይ፣ ከጎንና ከጎን ደግሞ በማቀፊያው መስኮት። መጋጠሚያው መኪናው ላይ ታስሮ በተለመደው ማዕዘን እስከሠራ ድረስ ብዩ የሚያመልጥበት ቀዳዳ የለም። የሚያመልጠው ማቀፊያው ሲሰበር፣ ዘንጉ ከተፈቀደለት በላይ ወደ ውጭ ሲሳብ፣ ወይም መጋጠሚያው ከዘንጉ ተነቅሎ በእጅ ከመጠን በላይ ሲታጠፍ ነው። እንግዲህ ማቀፊያዎ ካልተሰበረ ሁለት ግምት ብቻ ይቀራል። አንደኛው፣ እርስዎ ራስዎ ሲፈቱት ውስጠኛው ቀለበት ተንጋድዶ ብዮቹ ወድቀዋል፤ ይህ እጅግ የተለመደ ነገር ነው። በግራሶ የተለወሰ ብይ ሲወድቅ ድምፁ አይሰማም፤ ስለዚህ የላስቲክ ሽፋኑን ውስጥ፣ የጠረጴዛውን ሥርና የጠረጉበትን ጨርቅ ሁሉ ይፈትሹ። ሁለተኛው፣ ከእርስዎ በፊት የነበረ ሰው ሁለት ብይ ጠፍተውበት በአራቱ ብቻ ገጥሞታል።

የትኛው እንደሆነ ቦዮቹ ራሳቸው ይነግሩዎታል። ሁሉንም በላምባ አጥበው፣ አድርቀው፣ በጥሩ ብርሃን ይመልከቷቸው። በባዶዎቹ መስኮቶች ፊት ለፊት ያሉት ቦዮች እንደ ሌሎቹ የሚያበራ የመንከባለል መስመር ካላቸው፣ ብዮቹ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በቦታቸው ነበሩ ማለት ነው። መስመሩ ደብዝዞ፣ ቡናማ ቀለም ወይም ዝገት ይዞ፣ የአራቱ ቦይ ግን በጥልቀት ተፈትጎ ከታየ፣ መጋጠሚያው በአራት ብይ ረጅም መንገድ ሄዷል። ይህ ሁለተኛው ከሆነ ከዚህ በታች የምጽፈውን ስለ ብይ መግዣ የሚያትት ክፍል መዝለል ይችላሉ፤ ሙሉ መጋጠሚያውን ይለውጡ። ምክንያቱን ላስረዳ።

ይህ ዓይነቱ መጋጠሚያ አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ የፎርድ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1926 ከፈለሰፈው ሐሳብ የመነጨ ነው። በመስቀል ቅርጽ የሚሠራው ተራ መጋጠሚያ፣ በተለምዶ ክሮቼራ የሚባለው፣ ዘንጉ ሲታጠፍ የሚነዳውን ዘንግ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ያፈጥነዋል፣ ሁለት ጊዜ ያዘገየዋል። በሲቪ ጆይንት ውስጥ ግን ብዮቹ ሁልጊዜ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለውን ማዕዘን እኩል በሚከፍለው ጠለል (በሐሳብ በተሣለ ጠፍጣፋ ገጽ) ላይ ይቆማሉ፤ ዘንጉ 20 ዲግሪ ቢታጠፍ የብዮቹ ጠለል 10 ዲግሪ ያዘነብላል። ከዚህ የተነሣ የገባው ፍጥነትና የወጣው ፍጥነት በእያንዳንዷ ቅጽበት እኩል ይሆናል። በእርስዎ መኪና ላይ ያለው ዓይነት ደግሞ ማጠፍ ብቻ ሳይሆን ዘንጉ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እንዲንሸራተት ይፈቅዳል፤ ቦዮቹም ቀጥ ያሉ ሳይሆኑ ተራ በተራ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነበሉ ናቸው። የውስጠኛው ቀለበት ቦይና የውጨኛው ቀለበት ቦይ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚያዘነብሉ፣ ብዩ የሚቀመጠው ሁለቱ በሚሻገሩበት ነጥብ ላይ ነው። ብዩን በጠለሉ ላይ የሚያቆመው ይህ መሻገር ነው፤ ማቀፊያው ደግሞ ስድስቱን አንድ ላይ አስተባብሮ ይይዛቸዋል።

ስለዚህ ብዮቹ እያንዳንዳቸው ሁለት ሥራ አላቸው፤ ኃይል ያስተላልፋሉ፣ ማቀፊያውንም ይመራሉ። ሁለቱ ሲጎድሉ ሁለቱም ሥራ ይበላሻል። የኃይሉን ነገር በምሳሌ ልየው። በአንደኛ ማርሽ በአንዱ ዘንግ ላይ 600 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል አለ እንበል፤ ብዮቹ ከመሐል 30 ሚሊሜትር ርቀው ቢቀመጡ ጠቅላላው የሚገፉት ኃይል 20,000 ኒውተን ይሆናል። ለስድስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 3,333 ኒውተን ገደማ፣ ለአራት ሲካፈል 5,000 ኒውተን ይደርሳል። ለብይ ኩሽኔታዎች በሚሠራበት ስሌት ዕድሜ የሚያጥረው በጭነቱ ሦስተኛ ርቢ ነው፤ ጭነቱ አንድ ጊዜ ተኩል ሲሆን ከዕድሜው 30 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል። ሲቪ ጆይንት በትክክል ኩሽኔታ ባይሆንም የብረቱ ድካም በዚያው መንገድ ስለሚሄድ የጉዳቱን ልክ ለመገመት ስሌቱ ይጠቅማል።

ይህ እንግዲህ ጭነቱ ለአራቱ እኩል ከተከፋፈለ ነው። ባዶዎቹ መስኮቶች ፊት ለፊት የሚተያዩ ከሆነ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚገፉት ኃይሎች አሁንም ይጣጣላሉ። ጎን ለጎን ከሆኑ ግን የቀሩት አራቱ የሚገፉት ኃይል መጠምዘዝ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ውስጠኛውን ቀለበት ወደ አንድ ጎን ይጫነዋል፤ ያ ጫና የሚያርፈው በማቀፊያው ላይ ነው። ማቀፊያ የተሠራው ብይ ለመምራት እንጂ የዘንግ ጭነት ለመሸከም ስላልሆነ፣ በሁለት መስኮቶች መካከል ያለው ቀጭን ድልድይ ከማዕዘኑ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የዘንጉ መለያየት ነው። መኪናውን ለጊዜውም ቢሆን በአራት ብይ እንዳይነዱ አጥብቄ የምለምንዎት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልብ እንመለስ። ሁለት አዲስ ብዮች ከአራት አሮጌዎች ጋር ቢቀላቀሉ ምን ይሆናል? አሮጌው ብይ ማብራቱ መጠኑን ስለመጠበቁ ምንም አያረጋግጥም፤ ተፈትጎ ያነሰ ብይም እንደ መስተዋት ሊያበራ ይችላል። የብረት ብይ በቦዩ ውስጥ በሙሉ ጭነት ሲጫን የሚጨመቀው በጥቂት አሥርት ማይክሮኖች የሚለካ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ መሆኑን ያስታውሱ። ስለዚህ አዲሱ ብይ ከአሮጌዎቹ በ10 ማይክሮን ቢበልጥ ከድርሻው ጉልህ የሆነ ትርፍ ይሸከማል፤ በ40 ወይም በ50 ማይክሮን ቢበልጥ ደግሞ ሁለቱ አዲሶች ሙሉውን ጭነት ለማለት በሚቻል መጠን ይዘው አራቱ አሮጌዎች ያለ ሥራ ይንከባለላሉ። ስድስት ብይ ያለው መጋጠሚያ ገጠምኩ ብለው ሳለ የሚነዱት ሁለት ብይ ያለውን ነው። አንድ ጊዜ በዚህ መልክ የተጠገነ መጋጠሚያ ተከፍቶ አይቻለሁ፤ አራቱ አሮጌ ብዮች ምንም አልሆኑም ነበር፣ በሁለቱ አዲሶች ሥር ያሉት ቦዮች ግን ገጻቸው እንደ ቅርፊት ተልጦ ነበር። ፋብሪካዎችም የአንድ መጋጠሚያ ስድስት ብዮች ከአንድ የመጠን ምድብ የተመረጡ እንዲሆኑና እንዳይነጣጠሉ የሚያዝዙት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ቦዮቹ ከስድስቱም ጋር እስከ ቅርብ ጊዜ እንደሠሩ ካረጋገጡና የጠፉትን ካላገኙ፣ ስድስቱንም በአዲስ ለመተካት የሚያበቃ ጤና መኖሩን ይመርምሩ። ጥፍርዎን በቦዩ ግድግዳ ላይ በርዝመቱ ያንሸራትቱ። ጥፍር የሚያዝበት እርከን፣ ትንንሽ ጉድጓድ ወይም የተላጠ ገጽ ካለ ቦዩ አብቅቶለታል። የቦዩ ጥንካሬ ያለው በሙቀት በጠነከረው ስስ የላይ ገጹ ላይ ነው፤ ያ ሲላጥ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት ነውና አዲስ ብይ ቢገባበት በፍጥነት ይበላዋል። በአሸዋ ወረቀት ማለስለስም ጉዳቱን ያባብሰዋል እንጂ አይጠግነውም። ሰማያዊ ወይም ቡናማ የቃጠሎ ቀለም ከታየ ብረቱ ግሞ ጥንካሬውን አጥቷልና ያንን መጋጠሚያ ያስወግዱት። ሳያበራ የደበዘዘ፣ ነገር ግን ለጥፍር ለስላሳ የሆነ መስመር ብቻ ከሆነ ግን ችግር የለውም።

ማቀፊያውን ከቦዮቹ ባልተናነሰ ጥንቃቄ ይዩት። ንጹሕ ብይ በመስኮቱ ሲያስገቡ በአውራ ጣት ቀላል ግፊት መግባትና ማቀፊያው ሲገለበጥ በራሱ ክብደት አለመውደቅ ይገባዋል። በመስኮቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ መስኮቱ ተበልቷል፤ እርስዎ ከሚሰሙት መንኳኳት ከፊሉ የሚመጣው ከዚህ ሊሆን ይችላል። በመስኮቶቹ ማዕዘን ላይ የፀጉር ስንጥቅ መኖሩንም በማጉያ መነጽር ያጣሩ።

ይህን ሁሉ ካለፈ ወደ መለካት ይሂዱ። ካሊፐር የብዩን ስም ለማወቅ ይረዳል እንጂ ለመምረጥ አይበቃም፤ ማይክሮሜትር የሚባለው፣ ከካሊፐር ይልቅ ጥቃቅን ልዩነት የሚያነበው መለኪያ ያስፈልግዎታል። አራቱን አሮጌ ብዮች እያንዳንዳቸውን ቢያንስ በሦስት አቅጣጫ ይለኩ። ከእጅ የሚተላለፈው ሙቀት እንኳ ልዩነት አለው፤ 16 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ብይ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 2 ማይክሮን ገደማ ስለሚያድግ፣ ብዮቹንና መለኪያውን ጠረጴዛ ላይ አቆይተው ሙቀታቸው ሲስተካከል ይለኩ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። የብዙ አሮጌ መኪናዎች ብይ በሚሊሜትር ሲለካ ሙሉ ቁጥር አይመጣም፤ በኢንች የተሠራ ነውና። ማይክሮሜትሩ ለምሳሌ 15.86 ካነበበ የብዩ ትክክለኛ መጠን አምስት ስምንተኛ ኢንች ማለትም 15.875 ሚሊሜትር ነው፤ 15 ማይክሮን ያህል ተፈትጓል። ወደ ላይ አጠጋግተው 16 ሚሊሜትር ቢገዙ ከትክክለኛው በ125 ማይክሮን የበለጠ ብይ ይገባል፤ ያ ደግሞ ጨርሶ አልገጥም ይላል፣ ወይም በመዶሻ ተገዶ ገብቶ ማቀፊያውን ይሰነጥቃል። በተመሳሳይ 19.05 ሚሊሜትር የሦስት አራተኛ ኢንች ብይ ነው፤ 19 ሚሊሜትር አይደለም። ሁለቱ መጠኖች በአንድ ሣጥን ተቀላቅለውብዎት ከሆነ ሚዛንም ይረዳል፤ የ15.875 ሚሊሜትሩ ብይ ወደ 16.3 ግራም፣ የ16 ሚሊሜትሩ ወደ 16.7 ግራም ይመዝናል።

የብረቱ ዓይነት ክሮም ብረት መሆን አለበት፤ በአሜሪካ ስያሜ 52100፣ በአውሮፓ 100ሲአር6 የሚባለው፣ ጥንካሬው በሮክዌል ሲ መለኪያ ከ60 በላይ የሆነ ነው። ለጌጥ፣ ለጠርሙስ መርጫ ወይም ለመደርደሪያ ጎማ የሚሸጡ ብዮች ከዓይን ባይለዩም ከለስላሳ ብረት ወይም ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ማግኔት የማይስበው ብይ በፍጹም አይገባም፤ ማግኔት የሳበውንም ሁሉ አይመኑ፤ ለስላሳ ብረትም ይሳባልና። ከገዙት መካከል አንድ ትርፍ ብይ መድበው በስለታም ሞረድ ጠርዝ ይሞክሩት፤ ሞረዱ ሳይነክሰው ከተንሸራተተ ጠንካራ ነው። ከሴራሚክ የተሠሩ ብዮችን ከብረት ብዮች ጋር አያቀላቅሉ፤ ሴራሚክ በጭነት ሥር ከብረት ያነሰ ስለሚጨመቅ ጭነቱን ወደ ራሱ ይስባል።

ስለ ጥራት ደረጃም ይጠይቁ። በዓለም አቀፉ ደረጃ ጂ25 የሚባለው ብይ ከክብነቱ ቢዛነፍ ከ0.6 ማይክሮን አይበልጥም፣ በአንድ ምርት ውስጥ ያሉት ብዮች የመጠን ልዩነትም ከ1.2 ማይክሮን አያልፍም። ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። በጥራት ከእሱ ዝቅ የሚለው ጂ100 ቢሆን እንኳ ልዩነቱ 5 ማይክሮን ስለሆነ አይጎዳም። ዋናው ነገር ስድስቱ ከአንድ እሽግ መውጣታቸው ነው፤ ከሁለት እሽግ የተወሰዱ ሁለት ጂ10 (ከጂ25 የላቀ ደረጃ) ብዮች በመካከላቸው ከአንድ እሽግ ከወጡ ጂ100 ብዮች የበለጠ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ደረጃው የሚገድበው በአንድ ምርት ውስጥ ያለውን ልዩነት ነውና።

ስትገጥሙ የሚያጋጥም ሌላ ወጥመድ አለ፤ ይህን የምለው መጋጠሚያውን ሲፈቱ ምልክት ካላደረጉበት ለእርስዎም ለሌሎችም ነው። ቦዮቹ ስላዘነበሉ በቀለበቶቹ ገጽ ላይ በቦይና በቦይ መካከል ያለው ሥጋ ተራ በተራ ሰፊና ጠባብ ይሆናል። የውጨኛው ቀለበት ሰፊው ክፍል ከውስጠኛው ቀለበት ጠባብ ክፍል ትይዩ ሆኖ መገጠም አለበት። ተሳስቶ ከገባ መጋጠሚያው የገባ ይመስላል፤ ነገር ግን አይታጠፍም፣ አይንሸራተትም። በመጀመሪያ ውስጠኛውን ቀለበት በማቀፊያው ውስጥ ያስገቡ፣ ስድስቱን ብዮች በየመስኮቱ በጣት ይጫኑ፣ ይህን ጥቅል ከውጨኛው ቀለበት በ90 ዲግሪ አቁመው ያስገቡና ማቀፊያውን እያወዛወዙ ያስተኙት። በእጅ ኃይል ይገባል፤ መዶሻ ካስፈለገ አቀማመጡ ስሕተት ነው። ከገባ በኋላ በሁሉም አቅጣጫ በእጅዎ ያጥፉት፣ ያንሸራትቱት፤ ሲንቀሳቀስ የሚይዝበት ቦታ መኖር የለበትም። ነገር ግን ከመጠን በላይ አያጥፉት፤ ብዮቹ እንደገና ይወድቃሉ።

ወደ ዘንጉ ሲመልሱት የውስጠኛው ቀለበት ጥርሶች ጫፋቸው የተከረከመበት ጎን ወደ ዘንጉ ትከሻ ይዙር። ሲጫን ኃይሉ በውስጠኛው ቀለበት ላይ ብቻ ይረፍ፤ በማቀፊያው ወይም በውጨኛው ቀለበት በኩል የተገፋ መጋጠሚያ ገና ሳይሠራ ይጎዳል። የመቆለፊያ ቀለበቱን አዲስ ያድርጉት፣ በጎድጓዱ ውስጥ ዙሪያውን መቀመጡንም በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ አድርገው ያረጋግጡ።

ግራሶው ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ያለበት የሲቪ ጆይንት ግራሶ ይሁን፤ በዚህ መጋጠሚያ ውስጥ ብዮቹ ከመንከባለል በተጨማሪ ይንሸራተታሉና ተራ የጎማ ኩሽኔታ ግራሶ አይበቃም። የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ከሚያዘው መጠን አብዛኛውን ከብዮቹ መካከል ጨምቀው ያስገቡ፣ ቀሪውን በላስቲክ ሽፋኑ ውስጥ ያድርጉት፤ ከመጠን በላይ መሙላት ሽፋኑን ይቀድደዋል። የተሰነጠቀ ሽፋን ካለ አሁኑኑ ይለውጡት።

ውጨኛው ቀለበት በጎማው በኩል ካለው ፍላንጅ (በቡሎን የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ክፍል) ጋር የሚገናኝበት ገጽና የቡሎኖቹ ጥርስ ግን ከግራሶ ፍጹም የጸዱ ይሁኑ። በሁለቱ ገጾች መካከል የገባ ግራሶ ቡሎኖቹ እንዲላሉ ያደርጋል፤ የላላ ቡሎን ደግሞ ዘንጉን ይለቃል። የቡሎኖቹን ራስ ውስጥ የተጠራቀመ ጭቃ በሹል ነገር አውጥተው ቁልፉን እስከ መጨረሻው ያስገቡ፣ ካልሆነ የቡሎኑ ራስ ይበላል። በዚህ መኪና ላይ የሚጠብቁት በ35 ኒውተን ሜትር ነውና ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ይጠቀሙ፤ ጥቂት ከነዱም በኋላ እንደገና ይፈትሹዋቸው።

ሥራው እስኪያልቅ ድረስ መኪናው በማርሽ ይቆማል ብለው አይተማመኑ። አንዱ ዘንግ ከተፈታ ዲፈረንሻሉ ኃይሉን ወደ ባዶው በኩል ስለሚለቀው ማርሹ ሌላውን ጎማ አይይዝም፤ ጎማዎቹን በታኮ አግደው ከሥር በጠንካራ መደገፊያ ያሳርፉት።

የቀሩትን ሦስት መጋጠሚያዎች ሳይከፍቱ ሥራውን አይጨርሱ። ከቀኝ ጎማ በኩል ሁለት ብይ ሳይኖር የገጠመ እጅ ካለ ሌሎቹንም ነክቷቸው ይሆናል፤ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ውስጥ ስድስት ብይ መኖሩን በዓይንዎ ቆጥረው ይዩ። ቦዮቻቸው በአንድ ወገን ግድግዳ ብቻ ተፈትገው ሌላው ወገን ንጹሕ ሆኖ ካገኙት፣ የግራውን ዘንግ ከነመጋጠሚያዎቹ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ቢያዛውሩ ወደፊት ሲነዱ ጭነቱ ባልተነካው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ይህን ማድረግ የሚጠቅመው ግን መጠነኛ ፍትጊያ ላለበት ብቻ ነው፤ ገጹ የተላጠ ቦይ በየትኛውም ጎን ቢዞር አይመለስም።